በደሪቱ ስም

ስልክ ደውለው «ዲጄውን አቅርቢልኝ» የሚሏት ሰዎች ብዙ ነበሩ። ደሪቱ ዋቅጅራ መጀመሪያ መጀመሪያ ላይ «እኔ ነኝ» ትል ነበር። ያን ጊዜ ከወዲያ በኩል «እሺ፣ መልሼ እደውላለሁ» ይመጣል፤ መልሶ የሚደውል ግን አልነበረም። ኋላ ላይ ዘዴውን አወቀችው። «አዳራሹ የት ነው? ሽማግሌ ይበዛል ወጣት? ሙሽሪት በየትኛው በር ነው የምትገባው?» እያለች ትጠይቃለች፤ ደዋዩም እየመለሰ፣ እየተጫወተ፣ ሳያስበው ቀኑን ይቆርጣል። በሰርጉ ዕለት ዕቃዋን አውርዳ ገመድ ስትዘረጋ ሲያዩ ነው «ለካ ራሷ ናት» የሚባባሉት።

ጊዜው ሰርግ የበዛበት ጊዜ ነበር። ከቦሌ እስከ ሲኤምሲ ያልተቆፈረ መንገድ፣ በቆርቆሮ ያልታጠረ ባዶ ቦታ አይገኝም። ትናንት ሜዳ የነበረው ዛሬ ፎቅ ነው። ያገኘ ሁሉ ይድራል፤ ያላገኘውም ከጎረቤቱ ላለማነስ ይድራል፤ የሰርግ አዳራሹ እንደ አሸን ፈላ። በጥርና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት የደሪቱ ቅዳሜና እሁድ የራሷ አልነበረም። በሰው ደስታ መሀል ቆማ ትውላለች። ሌላው ሰው ሁሉ ከሆነ ሰው ጋር በመጣበት ቦታ ብቻን ቆሞ መዋል ምን እንደሚመስል ለማንም ነግራ አታውቅም፤ የሚጠይቃትም አልነበረም።

ሙያውን የለመደችው ኢምፔሪያል አካባቢ በነበረች አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነው። ገና ወጣት ሳለች እዚያ ተቀጥራ በሰው ስልክና ፍላሽ ላይ ሙዚቃ ትጭን ነበር። የታክሲ ሹፌር ምን እንደሚወድ፣ ከገጠር የመጣ ግንበኛ ምን ሲሰማ ዓይኑ እንደሚርስ፣ ደንበኛው አፉን ሳይከፍት ትገምተዋለች። መኩሪያ ወደ ሱቁ የመጣው ለሰርግ የሚሆን ዘፈን ሊያስጭን ነው። ረዥም፣ ሳቂታ፣ ማይክ ከጨበጠ የተኛ አዳራሽ የሚያስነሳ ዲጄ ነበር። የመረጣቸውን ዘፈኖች አየችና፣

«ይሄን ከዚያኛው ቀጥለህ ካጫወትከው ሰው ይቀመጥብሃል» አለችው።

«በምን አወቅሽ?»

«ሰው ሲደክመው አይደለም የሚቀመጠው። ሲቀዘቅዝበት ነው።»

መኩሪያ ሳቀ። በሚቀጥለው ሰርግ ግን ይዟት ሄደ። ከዓመት በኋላም ተጋቡ።

አብረው ሲሠሩ እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ነበረች። እሱ ይናገራል፣ ያስጨፍራል፤ ዘፈኑን የምትመርጠው እሷ ናት። ያኔ የሚያውቁት ዲጄ ሁሉ የሚሠራው «ክራክ» በሚሉት፣ ቁልፉ ተሰብሮ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞር ፕሮግራም ነበር። መኩሪያ ግን ዱባይ የሚመላለስ ዘመዱን አስቸግሮ ሕጋዊውን አስመጣ፤ ከነኮንትሮለሩ። ኮንትሮለሩ ከላፕቶፕ ጋር በገመድ የሚገናኝ፣ ግራና ቀኝ የሚሽከረከር ክብ ነገር ያለው፣ መሀሉ ላይ የድምፅ መቆጣጠሪያዎች የተደረደሩበት ጠፍጣፋ ዕቃ ነው። ፕሮግራሙ በተከፈተ ቁጥር በማን ስም እንደተመዘገበ ከስክሪኑ ጥግ ላይ ይጽፋል። የተጻፈው የመኩሪያ ስም ነበር። ሲመዘግበው ደሪቱ አጠገቡ ተቀምጣለች።

«የሁለታችንም ስም አይገባም?» ብላ ጠየቀችው።

«ቦታው ለአንድ ሰው ነው» አላት። እውነቱን ነበር።

እንዴት እንደተለያዩ ብትጠየቅ የምትናገረው ትልቅ ነገር የላትም። ዱላ አልነበረም፤ ስድብም አልነበረም። ቅዳሜና እሁድ የሌላውን ሰው ሰርግ አድምቀው፣ ጆሯቸው እየጮኸ ቤታቸው ይገባሉ፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ደግሞ ዝምታው ደስ ይላቸዋል። እያደር ግን ዝምታው ቤቱን ወረሰው። ልጅም አልመጣ። አንድ ቀን መኩሪያ ምሳ ላይ «እህል ውሃችን ያለቀ ይመስለኛል» አላት። እሷም ድስቱን እያወረደች «እኔም ይመስለኛል» አለችው። ከተናገረችው በኋላ ነው የደነገጠችው።

እሱ የጋራ መኪናቸውን ወሰደ፤ እሷ የሙዚቃ ዕቃውን። መኩሪያ ዲጄነት ሰልችቶኝ ነበር ብሎ ቤት እየሠራ የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ገባ፤ ሌላ አገባ፤ ወለደ። ደሪቱ ደግሞ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጣላትና አራተኛ ፎቅ ላይ ገባች። አገሩ ለእሷ አዲስ አልነበረም። አባቷ አቶ ዋቅጅራ ጤፍና ሽምብራ ያበቅሉ የነበረው እዚያው ነው፤ አሁን እሳቸው ከታላቅ ወንድሟ ጋር ለገጣፎ ናቸው። ከመስኮቷ ስታይ የማሳው ጠርዝ የት ጋ እንደነበረ በግምት ታውቃለች፤ መኪና ማቆሚያ ሆኗል። በዚያን ጊዜ ከቤቶቹ አብዛኞቹ ገና ሰው አልገባባቸውም። ደረጃው ላይ ስትወጣ የራሷ እግር ድምፅ ከላይ ሆኖ ይመልስላት ነበር።

ታዲያ በየቅዳሜው ላፕቶፑን ስትከፍት የሚቀበላት የመኩሪያ ስም ነው። አንድ ጊዜ ተናደደችና ጥጉ ላይ ፕላስተር ለጠፈችበት፤ ሰዓቱንም ስለሸፈነባት ላጠችው። ከዚያ በኋላ እንደ ግድግዳ ስንጥቅ ለመደችው።

ላፕቶፑ የሞተው ጥር ሊገባ ሲል ነው። ጠጋኙ ከፍቶ አየውና «ማዘርቦርዱ ነው፤ አትልፊ» አላት። ዘፈኖቿን በሌላ ዲስክ አስቀምጣቸው ስለነበር እነሱ ተረፉ። አዲስ ላፕቶፕ ገዝታ ፕሮግራሙን ልትጭን ስትል ግን ኢሜይልና ፓስወርድ ጠየቃት። ኢሜይሉ የመኩሪያ ነው፤ ፓስወርዱን እሷ አታውቀውም። ደውላ መጠየቅ ነበረባት። ስልኩን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። ከደወለች ምን ትላለች? «ስምህን አውሰኝ» ልትል ነው?

ሰርጉ ደርሶ ስለነበር እንደ ሌላው ሁሉ ክራኩን አስጫነች። ሳሊተ ምሕረት አካባቢ የነበረው ሰርግ ላይ ምሳው በሰላም አለፈ። ሙሽሮቹ ልብስ ቀይረው ሊገቡ በሩ ሲከፈት፣ ሚዜዎቹ ሁለት ረድፍ ሠርተው ሲቆሙ፣ ዘፈኑ ድንገት ተቆረጠ። ስክሪኑ ነጭ ሆነ። ደሪቱ አንዱን ብትነካ፣ ሌላውን ብትነቅል ወይ ፍንክች። አዳራሹ ሙሉ ወደ እሷ ዞረ። ዓመታት ሙሉ ማንም ሳያያት ከቆመች በኋላ ሰው ሁሉ ያያት ያን ዕለት ነው። ደግነቱ የሙሽሪት አክስቶች እልልታውን አቀለጡት፤ በጭብጨባና በአፍ ዘፈን ሙሽሮቹን አስገቧቸው፤ እንዲያውም ደመቀ። ላፕቶፑ ተዘግቶ እስኪነሳ ድረስ እሷን ያስታወሰ አልነበረም። የሙሽሪት አባት ሲሸኟት፣

«አይዞሽ ልጄ፣ የማሽን ነገር ነው» አሏት።

ምነው በሰደቡኝ አለች በልቧ። በማግሥቱ ለመኩሪያ ደወለች።

የተገናኙት ኢምፔሪያል አደባባይ ፊት ለፊት፣ ፎቅ ላይ ካለ ካፌ ነው፤ ዋይፋይ ስላለው እሱ መረጠው። መኩሪያ ወፈር ብሏል፤ ከረባት አስሯል። ስሟን ሲጠራ ድምፁ ያው ስለነበር ሰላምታውን ቶሎ ጨረሰችውና ላፕቶፑን ከፈተች። ፓስወርዱን እሱም ረስቶት ኖሯል። ኢሜይሉ ውስጥ ገብቶ አዲስ አስላከ፤ በእሱ ስም ተመዝግቦ የነበረውን የሞተ ላፕቶፕ አሰረዘ። ከዚያ ፕሮግራሙን ማውረድ ጀመሩ። ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል። የምታድገው ሰማያዊ መስመር ቆማ የቀረች ትመስላለች። ሁለቱም መስመሯን እያዩ ተቀመጡ።

«ሥራ እንዴት ነው?» አላት።

«አለ። ያንተስ?»

«ቤት እናሳያለን። ያልተሠራ ቤት። ሰውን ባዶ ሜዳ ላይ አቁሜ 'ይሄ ሳሎን ነው፣ ያ መኝታ ቤት ነው' እላለሁ።» ትንሽ ፈገግ አለ። «ማይክ የሌለው ዲጄነት ነው።»

«ልጅህ ደህና ናት?»

«ሀይሚ? ደህና ናት። መዋዕለ ሕፃናት ገባች።» ስልኩን አውጥቶ ሊያሳያት አለና መልሶ ኪሱ ከተተው። «አንቺስ… ብቻሽን ነሽ?»

«ከዘፈኖቼ ጋር ነኝ» አለችው። ለቀልድ ነበር ያለችው፤ ቀልድ ሆኖ ግን አልወጣም።

ከታች ረዳቶች «ሲኤምሲ፣ አያት» ይላሉ። መስመሯ ገና ግማሽ አልደረሰችም። አንድ ጊዜ እንዲህ ተቀምጠው ሰርግ ላይ መብራት እስኪመጣ ከጠረጴዛው ጀርባ በቀልድ ላይ ቀልድ እየደረቡ እንደሳቁ ትዝ አላት፤ እሱንም ትዝ ብሎት እንደሁ ልትጠይቀው ፈልጋ ተወችው። መኩሪያ ሰዓቱን አየ።

«ሀይሚን ከትምህርት ቤት ላወጣት ነው፣ ሰዓቷ ደርሷል። ፓስወርዱን ጽፌልሻለሁ። እንደፈለግሽ ተጠቀሚበት፤ እኔ እንደሁ አልመለስበትም።»

«ስምህ ይወጣል እኮ፣ በከፈትኩት ቁጥር።»

«ይውጣ፤ ምን ይጎዳሻል?»

ክፉ አስቦ አልነበረም። ሂሳቡን ከፍሎ ሄደ። ከመስኮቱ ስታየው መንገዱን እየሮጠ ተሻገረ። መስመሯ ሞልታ ፕሮግራሙ ወርዶ ሲያልቅ ደሪቱ ብቻዋን ነበረች። «ጫን» የሚለው ምልክት መጣ። እጇን ወደዚያ ሰድዳ ቆየች፤ ከዚያ ሳትነካው ላፕቶፑን ዘጋችው።

በዚያው ሳምንት ቦሌ ሄደች። አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ገብረእዝጊ የሚባሉ ሰው የሙዚቃ ዕቃ ይሸጣሉ፤ ሞንታርቦውንም ሚክሰሩንም ከእሳቸው ነው የምትገዛው። የድሮው ኮንትሮለር ያረጀ ነበር፤ የግራው ክብ ይይዛል፤ አንዱ ቁልፍ ሲነኩት ይንጫጫል። ገብረእዝጊ ትልቁን አወረዱላት፤ አራት ዘፈን ባንዴ የሚያጫውት ባለአራት መስመር፣ ዙሪያው እንደ ገና ዛፍ ብልጭ ድርግም የሚል።

«ሰው በዓይኑ ነው የሚሰማው» አሏት። «ትንሽ ዕቃ ይዘሽ ከሄድሽ ደጋሹ የተታለለ ይመስለዋል።»

«ጋሽ ገብረእዝጊ፣ ቤቴ አራተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የለም።»

«ባልሽ ያወርድልሽ የለም?»

«ተለያይተናል።»

ሰውየው ትልቁን ዕቃ መልሰው ሰቀሉት። «ይቅርታ፣ ልጄ» አሉና ያሏቸውን ትናንሾች ሁሉ ባንኮኒው ላይ ደረደሩላት። ደሪቱ አልቸኮለችም። ሄድፎኗን ሰክታ አንድ በአንድ ሞከረቻቸው። አንደኛው ጥሩ ነበር፤ ግን የማይኩ ድምፅ ከዘፈኑ ጋር ተያይዞ ነው ከፍና ዝቅ የሚለው። ሽማግሌ ሊመርቅ ሲነሳ ዘፈኑ ከሥር እየተሰማ ዝቅ ማለት አለበት፤ ጭልጥ ብሎ ከጠፋ ሽማግሌው ይደነግጣል። ሌላኛው መውጫው ደካማ ሆኖ ከሞንታርቦው ጋር ሲገናኝ ያጉረመርማል። መጨረሻ ላይ የመረጠችው ባለሁለት መስመር፣ ጥቁር፣ መብራቱ እንኳ ደብዘዝ ያለ ነበር። መቆጣጠሪያው በጣቷ ሥር ድምፅ ሳያሰማ ይንሸራተታል። ዓይኗን ጨፍና ከአንዱ ዘፈን ወደ ሌላው አሻገረች፤ ልብስ እንደ መቀየር ሆነላት።

«ይሄ ነው» አለች።

«አብሮት የሚመጣው ፕሮግራም ግን ጎደሎ ነው» አሏት። «ሙሉውን ከፈለግሽ ፈቃዱን በኢንተርኔት ትገዣለሽ። የውጭ ካርድ ይጠይቃል። ውጭ ሰው አለሽ?»

ጥያቄው ቀላል ነበር። በዚያ ከተማ ውጭ ሰው የሌለው ማን አለ? ደሪቱ እዚያው ቆማ አሰበች። የአክስት ልጅ፣ የትምህርት ቤት ጓደኛ፣ የድሮ ጎረቤት፤ አንድም ሰው አልመጣላት አለ። የነበሩት ዘመዶች በመኩሪያ በኩል ነበሩ፤ ከመኩሪያ ጋር ሄደዋል።

«የለኝም» አለች።

በታክሲ ወደ የካ አባዶ ስትመለስ ካርቶኑን ጭኗ ላይ ይዛ ነበር። መንገዱ ረዥም ነው፤ አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት እስከ መጨረሻው ድረስ በስልክ ከእህቷ ጋር ታወራለች። ደሪቱ በዚያ ሁሉ መንገድ ለማን ልደውል እችላለሁ ብላ ስታስብ ቆየች።

ከእሷ በታች ባለው ፎቅ የበረራ አስተናጋጅ የሆነች ሄሊና የምትባል ልጅ ገብታ ነበር። ከሰላምታ በቀር ተነጋግረው አያውቁም። ልጅቷ አንዳንዴ ሻንጣዋን እየጎተተች በጠዋት ትመጣለች፤ ቀኑን ሙሉ መጋረጃዋ ተዘግቶ ይውላል። ደሪቱ ሰው ማስቸገር ስለማትወድ ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ አግኝታት ሳትናገር አለፈቻት። በመጨረሻ አንድ እሁድ ከሰዓት በሯን አንኳኳች። ሄሊና ጸጉሯን ጠቅልላ፣ ዓይኗን እንቅልፍ እንደያዘው ከፈተችላት።

«ይቅርታ፣ ከላይ ነኝ። አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነበር፤ ካልተመቸሽም ምንም አይደለም» አለችና ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረቻት።

«ዲጄ ነሽ?» አለች ሄሊና። «እኔ እኮ ያ ሁሉ ሳጥን ምንድን ነው እያልኩ ነበር። ግቢ።»

ሄሊና፣ ፈቃዱ በውጭ አገር ሱቆች በካርቶን እንደሚሸጥ የምታውቅ አንዲት ባልደረባ ነበረቻት። በሚቀጥለው በረራዋ ፈልጋ አመጣችላት፤ ባዶ የሚመስል ቀጭን ካርቶን፣ ውስጡ እንደ ሞባይል ካርድ የሚፋቅ ቁጥር ያለበት ወረቀት። ደሪቱ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ፋቀችው። ሄሊና ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። ቁጥሩን አስገቡ፤ ተቀበለው። ቀጥሎ ስም ጠየቀ።

ደሪቱ እዚህ ላይ ቆመች። ትምህርት ቤት ስሟን በእንግሊዝኛ ሲጽፉላት እንደ አማርኛው አሳጥረው ነው የጻፉት፤ በቤታቸው በኦሮምኛ ሲጠራ ግን መጨረሻው ይረዝማል፤ በቁቤ ሲጻፍ ፊደሉ ይደጋገማል። መታወቂያዋ ላይ አንድ ዓይነት ነው፤ የወንድሟ ልጆች የሚጽፉት ሌላ ነው።

«የቱን ልጻፍ?» አለች።

«ሲጠሩሽ የቱን ብትሰሚ ነው ቶሎ የምትዞሪው?» አለች ሄሊና።

ደሪቱ አባቷ ከማሳው ማዶ ሆነው ሲጠሯት እንደነበረው አድርጋ ጻፈችው፤ የአባቷንም ስም አስከትላ። ስክሪኑ ተዘግቶ ተከፈተ። ስሙ ጥግ ላይ ተቀመጠ።

«ለሁለት ማሽን ይሆናል ይላል» አለች ሄሊና ጎንበስ ብላ እያነበበች። «ሁለተኛው የማነው?»

«የማንም» አለች ደሪቱ። «እንዲያው ይቀመጥ።»

ከዚያ በኋላ ያሉት ሰርጎች ሳይቆረጡ አለፉ። ዘፈን ሳይቆረጥ ሲያልፍ የሚያስተውል ሰው የለም፤ ደሪቱም ይህን ታውቃለች። ሽማግሌዎች መረቁ፣ ዘፈኑ ከሥር ዝቅ አለላቸው፣ ሙሽሮች ገቡ፣ ወጡ። እሷ ስሟን አልፎ አልፎ ቀና ብላ ታየዋለች። የምታሳየው ሰው ቢኖር ደስ ይላት ነበር።

መኩሪያ የደወለው ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው።

«ሠራልሽ?» አላት።

«አዎ፣ ሠርቷል።»

«ቅድም ኢሜይሌን ሳጸዳ የፕሮግራሙን መዝገብ ገብቼ አየሁት። ምንም የተመዘገበ ማሽን የለም ይላል። አልጫንሽውም እንዴ?»

«አልጫንኩትም። የራሴን አወጣሁ።»

«በስምሽ?»

«በስሜ።»

«ጥሩ አደረግሽ» አለ መኩሪያ። ከኋላው የሕፃን ድምፅ ይሰማል። ሌላ የሚለው ያለ ይመስል ስልኩን አልዘጋም፤ እሷም አልዘጋችም። «በይ፣ ደህና ሁኚ ደሪቱ» አለ በመጨረሻ። ደሪቱ ከተዘጋ በኋላም ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ቆየች። አላለቀሰችም። ከዚያ ወዲህ አልተደዋወሉም።

ሄሊና በጾሙ ማለቂያ ላይ ቤቷን አከራይታ ወደ ቦሌ ተጠጋች፤ ለኤርፖርቱ ይቀርባታል። ሻንጣዋን ደሪቱ ናት ያወረደችላት። «ደሪዬ፣ ሰርጌ ላይ አንቺ ነሽ» አለቻት መኪና ውስጥ ገብታ። ያኔ የሚያገባት ሰው ገና አልነበራትም። ደሪቱ እሺ አለቻትና እጇን አውለበለበችላት።

ሰርግ የሌለበት እሁድ ስለነበር ወደ ላይ ስትመለስ የምትሠራው ነገር አልነበራትም። ኮንትሮለሩን ከሻንጣው አወጣችና ከላፕቶፑ ጋር አገናኝታ በረንዳው ላይ ባለችው ትንሽ ጠረጴዛ አስቀመጠችው። ሞንታርቦውን አላገናኘችም፤ ሄድፎኗን ብቻ አደረገች። ሰርግ ላይ ማንም የማይጠይቃቸው፣ ሰው የሚያስቀምጡ ቀርፋፋ ዘፈኖች ነበሯት፤ ኢምፔሪያል ከነበረችው ሱቅ ጀምሮ ለራሷ ያከማቸቻቸው። አንዱን ከፈተች፤ ሊያልቅ ሲል ሌላውን ከሥሩ አስገባች። ፀሐዩ የብሎኮቹን ግድግዳ እየለቀቀ ነው። ከማዶ በረንዳ ላይ ልብስ የምታሰጣ ሴት ቀና ብላ ስታይ፣ አንዲት ሴት በዝምታ ውስጥ ጭንቅላቷን ቀስ አድርጋ ትወዘውዛለች፤ እጆቿ ጠረጴዛው ላይ ይመላለሳሉ፤ ድምፅ የሚባል የለም። ሴትዮዋ ጥቂት ተመለከተቻትና ወደ ልብሷ ተመለሰች። ደሪቱ ሦስተኛውን ዘፈን እያስገባች ነበር።